ለጓሮ ኩሬያችን የትኛውን ተክል እንምረጥ?



ሰሞኑን የአንድ ተማሪያችን አባት ውሃ በሞላበት ባልዲ አንድ ተክል ይዘው ከደጃችን ደረሱ። ቅጠሉ አንጸባራቂ፣ አገዳው እንደ ፊኛ ያበጠ፣ አበባው ሐምራዊ ሆኖ ዓይን የሚስብ ነበር።

«ኡስታዝ፣ ከልጆቹ ጋር በጓሯችን ኩሬ ቆፍረን ቀረሶ ጨምረንበታል። ውሃው ግን ባዶውን ሆነብን። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ይህንኑ አበባ በኩሬው ላይ እንደሚያሳድግ ነግሮኝ ነበርና ለሥራ ወደ ቆቃ በሄድኩበት አገኘሁት። ምን ይላሉ?» አሉን።

ያመጡት እምቦጭ ነበር!

እኚህ አባት ለልጆቻቸው መልካም አስበው ነው የደከሙት። ወንድማቸውም ቢሆኑ አልዋሹም። ታዲያ እዚያ ያላጠፋ አበባ እዚህ ስለምን ያጠፋል? መልሱ ያለው በብርዱ ላይ ነው።

ወንድማቸው በሚኖሩበት በሰሜኑ የአሜሪካ ክፍል የብርዱ ወራት ሲገባ ኩሬው በበረዶ ይሸፈናል። እምቦጭ የሞቃት አገር ተክል በመሆኑ ይህን አይችልም። በመሆኑም ባለቤቱ ጥቂት ችግኝ ከውሃው አውጥተው ከቤት ያስገቡና በገንዳ አድርገው፣ ሙቀትና መብራት እየሰጡ እስከ ጸደይ ያቆዩታል። በደጅ የቀረው ሁሉ ይሞታል። እዚያ ሰው የሚጨነቀው ተክሉን ከብርዱ ለማዳን ነው፤ ብርዱ ግን ሳይታወቅ ወንዙንና ሐይቁን ከተክሉ ሲያድን ይከርማል።

እኛ ዘንድ ይህ ዘበኛ የለም። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ቅጠሉን ቢያጠወልገው እንጂ ኩሬውን አያግተውም፤ ተክሉ መልሶ ያቆጠቁጣል። ወደ ቆላው ሲወርድ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚያግደው ነገር የለም። ሁኔታው ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩም በጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

የእምቦጭ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። በዚያ የሚበሉት ነፍሳት ስላሉ ልኩን ያውቃል። ወደ ሌሎች አገሮች የተዛመተው በአብዛኛው ሰው ለአበባው ውበት ሲል ተሸክሞት ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ መታየቱ ተመዝግቧል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ ላይ ታወቀ። በጣና ዳር ያሉ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ከውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ያየ ሰው የዚህን አበባ ዋጋ ያውቀዋል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መሸጡንና ማሳደጉን ከልክሏል።

ይህን ስንነግራቸው አባትየው ዝም አሉና «ልጆቹ እኮ አንዱን ችግኝ ጨምረውታል» አሉ። ወዲያው አብረን ሄድን። ኩሬው ሲሞላ ትርፉ ውሃ በቦይ ወደ ሰፈሩ ወንዝ የሚወርድ ነው። የከተማችን ወንዞች ደግሞ በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ ይገባሉ። አንድ ክረምት ቢያልፍ ኖሮ ነገሩ ከጓሮ ባለፈ ነበር። ልጆቹ ችግኙን ከነሥሩ አወጡት፤ የረገፈ ሥርና ቅጠል እንዳይቀርም ውሃውን በወንፊት አሰሱ። ከውሃ በራቀ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ አስጥተው፣ በደንብ ሲደርቅ አቃጠሉት። ቦይ ውስጥ መጣል ግን ፈጽሞ አይገባም።

ታዲያ ምን እንትከል? ከደጃችን ያለውን እንይ።

አንደኛ፣ የውሃ ሊሊ። ሰማያዊና ነጭ አበባ ያላቸው በአገራችን ሐይቆች ዳር በተፈጥሮ ይበቅላሉ። ሥሯ ከጭቃ ስለሚተከል እንደ እምቦጭ አትንሳፈፍም። በሰፊ ማሰሮ ወይም በባልዲ ከባድ አፈር ሞልታችሁ ትከሏት፤ ዓሦቹ እንዳይቆፍሩትም ከላይ ጠጠር አልብሱት። ጥሬ ፍግ አትጨምሩ፣ ውሃውን ያበላሻል። ቀረሶ ለጋ ቅጠል ስለሚበላ እስክትጠና ድረስ በወንፊት ሽቦ ከልሏት።

ሁለተኛ፣ ደንገል። የጣና ታንኳ የሚሠራበት ይኸው ተክል ነው። በኩሬው ጥግ ጥልቀት በሌለው ውሃ ይቆማል።

ሦስተኛ፣ ፊላ። ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሥሩ ይስፋፋል፣ ከኩሬው ሥር የተነጠፈውን ላስቲክም ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ ከማሰሮ ውጭ አትትከሉት።

የትኛውንም ብትመርጡ ቅጠል ከውሃው ገጽ ከግማሽ በላይ እንዳይሸፍን ተጠንቀቁ። ተክል በቀን አየር ቢሰጥም በሌሊት እርሱም ይተነፍሳል። ኩሬው በተክል ከታፈነ ዓሦቹ ጎህ ሲቀድ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ታያላችሁ፤ አየር አጥሯቸው ነው።

የውርጩ ወራት ሲመጣስ? የሊሊዋን ማሰሮ ወደ ኩሬው ጥልቅ ቦታ አውርዱ። የቢጫ ቅጠሎቿን ቁረጡ፤ በውሃ ውስጥ ከበሰበሱ አየሩን ይጨርሱታል። ውርጭ የመታውን ደንገል ብርዱ ካለፈ በኋላ ከሥሩ አጭዱት፣ እንደገና ያወጣል። ዓሦቹንም በማለዳው ብርድ ሳይሆን ፀሐይ ውሃውን ሞቅ ካደረገችው በኋላ፣ ያውም በጥቂቱ መግቡ። በባሕር ማዶ በረዶ ውስጥ ኩሬ ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ በረዶውን በመዶሻ አትምቱ፣ ዓሦቹን ያስደነግጣል፤ ይልቅ የፈላ ውሃ የያዘ ድስት አስቀምጣችሁ አየር መውጫ ክፈቱለት።

ከመለያየታችን በፊት ትንሹ ልጅ «አበባው ምን አጠፋ?» ብሎ ጠየቀን። አበባው ምንም አላጠፋም፤ አላህ በፈጠረለት ስፍራ ልክና ወሰን አለው። ያጠፋነው ወሰኑን ሳንጠይቅ የተሸከምነው እኛ ነን። ተክል ለማምጣት ስናስብ «ያምራል ወይ?» ከማለታችን በፊት «ከአጥራችን ቢያመልጥ የማንን ውሃ ይጎዳል?» ብለን እንጠይቅ።

በሚቀጥለው ወር እትም ኢንሻአላህ በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።