ለባዕዱ ፈቃድ፣ ለጋይንቴው መሸኛ!

አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አደባባይ፣ ከአንዲት ጀበና ቡና ሻጭ አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጡ ሰው አገኘሁ። የስማዳ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ ይመስላል። ጋቢያቸውን ተከናንበው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይዘዋል። “አባባ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሳሱለት?” ብላቸው፣ “ሰው መሆኔን የሚመሰክር ወረቀት ነበር ልጄ። ዛሬም አልመሰከረልኝ” አሉኝ።

ወረቀቱ ጊዜው ያለፈበት የቀበሌ መታወቂያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኒህ ሰው ከወገዳ አካባቢ ተነሥተው አዲስ አበባ ከገቡ ስምንት ወራቸው ነው። ልጃቸው ቤት ተጠግተዋል። የዘበኝነት ሥራ ተገኝቶላቸው ነበር። አሠሪው “መታወቂያና ዋስ” አለ። ወደ አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄዱ። “ከመጡበት መሸኛ ያምጡ” ተባሉ። ወደ ቀያቸው ደወሉ። “መሸኛ የሚጻፈው መታወቂያው ሲታደስ ነው፤ መታወቂያው የሚታደሰው ደግሞ የማዳበሪያው ዕዳ ሲዘጋ ነው” ተባሉ። ዕዳውን በሰው እጅ ላኩ። ገንዘቡ ሲደርስ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በጦርነቱ ምክንያት ተዘግቷል፤ ማኅተም ያዡም ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ ጠፋ። ይህንኑ ለአዲስ አበባው ሹም ቢያስረዱት፣ “ታዲያ እኔ ምን ላድርግዎ አባባ? መመሪያ ነው” ብሎ መስኮቱን ዘጋባቸው።

መመሪያ! የትኛው መመሪያ? ቁጥሩ ስንት ነው? የት ተለጥፏል? ማን ፈረመበት? ይህን የጠየቀ ሰው “ችግር ፈጣሪ” ተብሎ ከሰልፉ ይወጣል እንጂ መልስ አያገኝም።

ቦታው ሜክሲኮ አደባባይ መሆኑ እኔን አሳቀኝም፣ አቃጠለኝም። አደባባዩ ይህን ስም ያገኘው እንዲያው አይደለም። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር ወረራውን አናውቅም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። ለዚያ ውለታ አዲስ አበባ አደባባይ ሰየመችላት፤ ሜክሲኮ ሲቲም በስማችን የሚጠራ አደባባይና የምድር ባቡር ጣቢያ አላት። ለመሆኑ በዚያች አገር አንድ ባዕድ “እዚህ ልኑር” ቢል ምን ይባላል? ቆንስላ ቀርቦ ገቢውን ወይም የባንክ ተቀማጩን ያሳያል። ከተፈቀደለት የ180 ቀን ቪዛ ይመታለታል። አገር በገባ በ30 ቀን ውስጥ ኢሚግሬሽን ሄዶ ቪዛውን በነዋሪነት ካርድ ይለውጣል። የመጀመሪያው ካርድ የአንድ ዓመት ነው። ካርዱ ከማለቁ በፊት ባሉት 30 ቀናት ለእድሳት ይቀርባል። አራት ዓመት ሲሞላው ቋሚ ነዋሪ መሆን ይችላል። እዚያም ሰልፍ አለ፤ እዚያም ፊቱን የሚያጠቁር ጸሐፊ አይጠፋም፤ የሚጠየቀውም ገንዘብ ድሃን ከደጅ የሚመልስ ነው። ቢሆንም ሰውየው ምን እንደሚጠየቅ፣ መቼ እንደሚጠየቅና መቼ እንደሚያበቃለት አስቀድሞ ያውቃል።

ሜክሲኮ ድረስ መሄድም አያስፈልግ። ባዕድ ወደ እኛ ሲመጣስ? በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354 ጊዜያዊና ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ደንግጎለታል። የሥራ ፈቃዱ ለሦስት ዓመት ይሰጠዋል፤ በየዓመቱ ይታደስለታል። ዜግነቱን ለውጦ ለሚመለሰው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ደግሞ በ1994 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 270 ወጣለት። “ቢጫ ካርድ” የምንለው ነው። ባለ ቢጫ ካርዱ የመግቢያ ቪዛ አይጠየቅም፤ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም፤ የሥራ ፈቃድም አይጠየቅም። አይመርጥም፣ አይመረጥም፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አይቀጠርም እንጂ የቀረው ሁሉ ተከፍቶለታል። ከጎረቤት አገር ለተሰደደውም በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1110 መታወቂያ የማግኘትና የመንቀሳቀስ መብት ተጽፎለታል።

እኔ በዚህ አልመቀኝም። እሰየው ነው! እንግዳ መቀበል የአባቶቻችን ወግ ነው። የእኔ ጥያቄ አንዲት ናት። ባዕዱ በአዋጅ የሚስተናገድ ከሆነ፣ የስማዳው ሰውዬ በምን ኃጢአቱ ነው በሹም ፊት መጥቆርና መፍካት የሚስተናገደው? “ለባዕድ ቀን፣ ለወገን ጨለማ” ማለት ይህ አይደለም ወይ?

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በፈለገው ቦታ የመዘዋወርና የመኖር ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። “መሸኛ ካመጣ” አይልም። “የማዳበሪያ ዕዳውን ከከፈለ” አይልም። “ማኅተም ያዡ ከተገኘ” አይልም። ታዲያ ከሕገ መንግሥት በላይ የሆነው ይህ መሸኛ ከየት መጣ? እናንተም ታውቁታላችሁ፤ እኛም እናውቀዋለን። በደርግ ዘመን ገበሬው ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ሲሻገር ይለፍ ይጠየቅ ነበር። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሄደ። ይለፉ ግን ስሙን ለውጦ፣ ፌስታል ለብሶ፣ ይኸው በሰውየው ደረት ላይ ተቀምጧል።

ይህ ሰው ደግሞ የማን አገር ሰው ነው? የእነጋይንት፣ የእነስማዳ፣ የእነእስቴ! ድጓ የሚመሰከርበት ቤተልሔም የት ነው? ጋይንት። ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባስ? እዚያው ጋይንት። የሸዋው፣ የጎጃሙ፣ የወሎው፣ የትግራዩ የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ወንዝ ለወንዝ ተጉዞ ወደዚያ ሲጎርፍ ኖሯል። ገበሬው “መሸኛህ የታል?” አላለውም። “ብሔርህ ምንድን ነው?” አላለውም። ደጃፍ ቆሞ ስለ ማርያም ሲል ካለው እንጀራ ቆርሶ ሰጠው። ያን ተማሪ ማንነቱን የጠየቀው ቢኖር የሰፈሩ ውሻ ብቻ ነው። “ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ” ይባላል። ጋይንቴው የሄደው ወደማያውቁት አገር አይደለም። ቁርበትም አንጥፉልኝ አላለም። በገዛ አገሩ፣ በገዛ ጉልበቱ ዘብ ልቁም ነው ያለው።

“ለምን ቀዬውን ይለቃል?” የሚል አይጠፋም። ቀዬው እንዲያው አይለቀቅም! ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ጉና ተነሥቶ እስከ በሽሎና አባይ ሸለቆ የሚወርደው ያ አገር ተራራና ገደል ነው። አፈሩ ታጥቧል። የአባት መሬት ለልጆች ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ በሬ የማያዞር ሆኗል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር በተረጂነት መዝገብ ከገቡት ወረዳዎች ናቸው። ከዚያ በፊት በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ሰፈራ ሲታወጅም “ከክልላችሁ ሳትወጡ” ተብሎ ነበር። ረሃቡ የክልል ወሰን ሳያውቅ፣ የተራበው ሰው ግን ወሰን ተሰመረለት። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ ለዘጠኝ ቀናት በትግራይ ተዋጊዎች እጅ ገብታ ተዘርፋለች፤ ሴቶቿም ተደፍረዋል። ያ ቁስል ሳይሽር ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ሌላ ጦርነት መጣ። እንግዲህ ይህን ሁሉ አልፎ የመጣን ሰው ነው “የተሟላ ማስረጃ ይዘህ ና” የምትሉት!

መታወቂያ ማጣት ደግሞ ወረቀት ማጣት ብቻ አይደለም። ያለ መታወቂያ ሥራ የለም። ባንክ ደብተር አይከፍትም። ከሸማቾች ማኅበር ስኳርና ዘይት አይሰጥም። ልጅ ትምህርት ቤት ለማስገባት፣ የልደት ወረቀት ለማውጣት፣ ሁሉም በር ላይ “መታወቂያ!” የሚል ድምፅ አለ። ልውጣ ካገር ቢል እንኳ ፓስፖርት ያለ መታወቂያ የለም፤ የፓስፖርቱም ዋጋ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ከ2,000 ወደ 5,000 ብር ተሰቅሏል። አከራዩ ደግሞ የኪራይ ግብር እንዳይመጣበት ፈርቶ “በእኔ ቤት ይኖራል” ብሎ አይፈርምለትም። አዲስ አበባም የነዋሪነት መታወቂያ መስጠቱን በተለያየ ጊዜ ስትዘጋና ስትከፍት ቆይታለች። በዚህ መሐል “እኔ አስጨርስልሃለሁ” የሚል ደላላ ብቅ ይላል። በመስኮት ያልተገኘው በጓሮ ይገኛል። መመሪያው የጠፋው ለማን ጥቅም እንደሆነ ከዚህ ወዲያ ማስረዳት አያሻም!

እሺ፣ ወረቀቱ ተገኘ እንበል። ይታደሳል ወይ? እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። የባዕዱ ፈቃድ የሚያበቃው በተጻፈበት ቀን ነው። የእኛ ሰው ግን ነዋሪነቱ በየትኛው ሌሊት እንደሚሰረዝ አያውቅም። በ2004 ዓ.ም. በቤንች ማጂ ዞን ጉራፈርዳ ወረዳ ለዓመታት የኖሩ፣ ግብር የገበሩ አማራ ገበሬዎች “ውጡ” ተባሉ። በ2005 ዓ.ም. ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከማሺ ዞን ሺዎች ተባረሩ። ያን ጊዜ የክልሉ መንግሥት ራሱ “ስሕተት ነው” ብሎ አምኖ፣ ከተባረሩት መልሷል። ማመኑ ደግ ነው። ነገር ግን ሰው እንደ ዕቃ ተጭኖ ከተራገፈ በኋላ ስሕተት ነው ቢሉት ምን ይጠቅመዋል? ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ የተጨፈጨፉት ወገኖችም የትናንት መጤ አልነበሩም። ልጅ ወልደው ያሳደጉበት፣ ወላጅ የቀበሩበት አገራቸው ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከአማራ ክልል ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ መንገደኞች ኬላ ላይ መታወቂያቸው እየታየ ሲመለሱ ከርመዋል። የታመመ ለሕክምና፣ ነጋዴ ለንግድ፣ ልጅ እናቱን ሊጠይቅ የሚመጣበት መንገድ ነው!

ይህን ስል ጣቴን በኦሮሞው፣ በጉሙዙ ወይም በቤንቹ ላይ እየቀሰርኩ አይደለም። ድሃ ለድሃ ጠላት ሆኖ አያውቅም። ብዙው ጎረቤት የተሳደደውን ደብቋል፣ አብልቷል። የጋይንቱን ሰው በማዳበሪያ ዕዳ ጠፍሮ የያዘውም የራሱ ክልል፣ የራሱ ቋንቋ ተናጋሪ ሹም ነው። ሌላው ክልል የሄደ ኦሮሞም፣ ወላይታም፣ ትግሬም ይኸው ጽዋ ደርሶታል። በሽታው ዜጋን በትውልድ ቀበሌው ችካል ላይ የሚያስር አስተዳደር ነው። በመታወቂያ ላይ “ብሔር” የምትል መስመር ለዓመታት አትሞ፣ ያችን መስመር እያነበበ የሚያስገባና የሚያስወጣ አሠራር ነው።

“ያለ መሸኛ ወንጀለኛ ይደበቃል፤ ከተማው ይጨናነቃል” ይሉናል። ወንጀለኛ የሚፈለገው በፖሊስ መዝገብና በፍርድ ቤት ማዘዣ ነው። ለደላላው የሚከፍል ወንጀለኛ መሸኛ አጥቶ አያውቅም፤ የሚያጣው ንጹሑ ነው። መጨናነቁንም በተመለከተ፣ ከተሞች የተጨናነቁት ገጠሩ ስላላኖረ ነው። የስማዳን ገበሬ መስኮት ላይ ስምንት ወር በማንከራተት የቀለለ ከተማ የለም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 የጸናው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ብሔር አይጠይቅም፤ ወረቀት ለሌለውም የሰው ምስክር ይቀበላል። ለፋይዳ የተቻለው ለነዋሪነት መታወቂያ የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው? ስለዚህ መሸኛ ቅድመ ሁኔታ መሆኑ ይቅር። ጽሕፈት ቤቶች መረጃ ከፈለጉ እርስ በርሳቸው ይጻጻፉ፤ ዜጋውን ተላላኪ አያድርጉት። ዕዳ ያለበት በፍትሐ ብሔር ይከሰስ እንጂ መታወቂያው አይያዝበት። መመሪያው ቁጥሩና ቀኑ ተጽፎ በየመስኮቱ ይለጠፍ። የከለከለ ሹም መከልከሉን በጽሑፍ ይስጥ፤ ዜጋውም ያንን ወረቀት ይዞ ዳኛ ፊት ይቁም። ባዕዱ የሚያገኘው ይህን ያህል ነው። ከባዕዱ እኩል አድርጉን ብሎ መለመን ለዜጋ ውርደት ቢሆንም፣ ዛሬ የምንለምነው ይህንኑ ነው!

ሰውዬው ቡናቸውን ጨርሰው ሲነሡ፣ “አሁን ወዴት ነዎት?” አልኳቸው። “ወደ መስኮቱ ነዋ! ነገም እሄዳለሁ” አሉኝ። ዱሮ በአገራቸው ሁለት ሰው ሲጣላ ሦስተኛው “በሕግ አምላክ!” ካለ፣ የተነሣ ዱላ ባለበት ይቆም ነበር። ፖሊስ አያስፈልግም፤ ቃሉ ብቻ ይበቃ ነበር። እኛም ማኅተሙን ለያዛችሁት፣ መስኮቱን ለምትዘጉት፣ መመሪያውን በኪሳችሁ ለደበቃችሁት የምንላችሁ ሌላ ቃል የለንም።

በሕግ አምላክ!