የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ አይከን፣ ከሥዕለ አድኅኖ እስከ መስማክ በር
«አይከን» ከግሪክ የመጣ፣ መነሻ ትርጉሙም ምስል የሆነ ቃል ሲሆን፣ በአማርኛ እንደየአገባቡ ሥዕለ አድኅኖ፣ ምልክት፣ መለያ ወይም ተምሳሌት ይሆናል። ሥዕለ አድኅኖ ምእመናን በፊቱ ቆመው የሚጸልዩበት ቅዱስ ሥዕል ነው፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን በእንጨት ገበታ ላይ የሣላት እመቤታችን ለዚህ ድንቅ ማስረጃ ናት። በስልክ ላይ የሚነካው ትንሽ ሥዕል ግን ምልክት መባሉ ይበቃዋል። አከራካሪው የከተማ መለያ ነው፤ ሪያድ ብዙውን ጊዜ የምትታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 በተጠናቀቀው፣ 302 ሜትር በሚረዝመውና አናቱ ክፍት በሆነው የኪንግደም ማማ ቢሆንም፣ ይህ እትም የሚያደላው ለመስማክ የጭቃ ምሽግ ነው፤ ምክንያቱም በኋላ የሳውዲ ዓረቢያ ንጉሥ የሆኑት አብዱልአዚዝ እ.ኤ.አ. በ1902 ከተማይቱን ሲይዙ ተወረወረ የሚባለው ጦር ስባሪ ዛሬም በእንጨት በሩ ላይ ተሰክቶ ይታያል። የመጀመሪያው ጽሑፍም የሚነሣው ከዚሁ በር ነው።