የማን ልጅ ናት?

በሸካዋ ጌጫ ከተማ የትዳር ወግ ሲነሳ ጨዋታው ወዲያው በሁለት ጎራ ይከፈላል። አዛውንቶች ትዳር ከቤተሰብ ይጀምር፣ ፍቅሩ ጎጆ ውስጥ እያደር ይመጣል ይላሉ። ወጣቶች መጀመሪያ እንዋደድ፣ ሽማግሌው ኋላ ይደርሳል ባይ ናቸው። ሁለቱም መንገድ ጥሩ ትዳር ሲያወጣ አይቻለሁ። እናትና አባቴ ወሎ ውስጥ የተጋቡት ሳይተያዩ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ለሰፈራ ሲመጡ ግን ያ ክፉ ቀን አልለያያቸውም፤ አባቴ እስኪሞት ድረስ እናቴ ሳትቀርብ እህል አይቀምስም ነበር። እኔ ደግሞ በመምህርነት ጌጫ ከገባሁ በኋላ የአገሬውን የሸካቾ ብሔረሰብ ልጅ ወድጄ፣ ሽማግሌ ልኬ አገባሁ። አማቼ ዘሬን ጠየቁ፤ ወሎዬ መሆኔ አላስከፋቸውም።

«የማን ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ አንዳንዱን ደጅ ሲያስከፍት ሌላውን ለዘለዓለም የሚዘጋ መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ። ከእኛው ጋር በሸካ ጫካ ዳር የሚኖሩት ማንጆዎች ኑሯቸው ከአደን፣ ከከሰልና ከማገዶ ጋር ተያይዞ ቆይቷል። የዱር እንስሳ ሥጋ ይበላሉ እየተባለ ከቤት ሳይገቡ፣ ከማዕድ ሳይቀርቡ ትውልድ አልፏል። ዛሬ ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር አንድ ዴስክ ይጋራሉ፤ ገበያም አብረን እንውላለን። ጋብቻ ሲነሳ ግን ያ ሁሉ ቅርርብ ይቆማል።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የማንጆ ልጅ ወደደ። ትምህርት ቤት የተጀመረ፣ ዓመታት የቆየ ፍቅር ነው። ሽማግሌ ሁንልኝ ብሎ መጣና እሺ አልኩት። የተማሪዬ አባት ግን ቡና እንኳ ሳይፈላልን «መምህር፣ በዚህ ጉዳይ ደጄን እንዳይረግጡ» አሉኝ። ሁለተኛውን ሽማግሌ ፈልጌ አጣሁ፤ እምቢ ያሉኝ ሰዎች በሌላ ነገር ሁሉ የማከብራቸው ናቸው። ልጆቹ ወደ ቴፒ ኮበለሉ። የቡናው ሥራ ከየአገሩ ሰው ያሰባሰበባት ከተማ ናትና እዚያ ማንም አጥንት አልቆጠረባቸውም። የልጅ ልጅ ተወልዶም አያት እስካሁን አላየውም።

ይህ የሸካ ብቻ ነውር እንዳይመስል። እኔ የመጣሁበት አገር ቀጥቃጭን፣ ሸማኔን፣ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ እያለ ጋብቻ ሲነፍግ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ስድቡን አዋጅ ሊነካው ይችላል፤ ልጄን ለማን እድራለሁ የሚለውን ግን ማን ይደርስበታል? ሕንዳዊው አምቤድካር እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው ጽሑፍ አብሮ መብላት ብቻ የካስትን፣ ማለትም በትውልድ የሚወረሰውን የማዕረግ ልዩነት፣ ግንብ አያፈርስም፣ የሚያፈርሰው መጋባት ነው ብሎ ነበር። እኔም ጌጫ ላይ ሆኜ ልክ ነው እላለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ሪቻርድና ሚልድሬድ ላቪንግ የተባሉ ነጭና ጥቁር ባልና ሚስት በመጋባታቸው ብቻ ተከሰው ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1967 የቨርጂኒያን ክልከላ ሻረው። እዚያ የከለከለው ሕጉ ነበር። የእኛ ሕገ መንግሥት ግን ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በአንቀጽ 34 በሕግ ለተወሰነው የጋብቻ ዕድሜ የደረሱ ወንድና ሴት የዘር፣ የብሔር ወይም የሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግባቸው እንዲጋቡ፣ ጋብቻውም በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ደንግጓል። ስለዚህ እዚህ የሚከለክለው ሕጉ ሳይሆን ሰዉ ነው፤ ከሳሽም ዳኛም ጎረቤት ነው፤ ይግባኝ የሚባልበት ችሎት የለም።

የሽምግልናን ወግ አከብራለሁ። ሁለት ቤተሰብ የሚተሳሰርበት፣ ጠብም ሲነሳ የሚታረቅበት መላ ነው፤ እንዲጠፋ አልሻም። ግን ሽምግልና ደጅ ለማስከፈት እንጂ ለመዝጋት አልተፈጠረም። በጌጫ፣ በማሻ፣ በቴፒ ያላችሁ አባቶች፣ የሃይማኖት መሪዎችና የጎሳ አለቆች ሆይ፣ ነገ አንድ ወጣት የማንጆ ልጅ ወድጃለሁና ሂዱልኝ ሲላችሁ እምቢ አትበሉት። ዱላችሁን ይዛችሁ በወጉ ሂዱ፤ ልጅቱንም ከእናት ከአባቷ እጅ በክብር ጠይቁለት።