አምባሰልን በማን አዳራሽ?

ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታ ስም የያዙ ናቸው። ታዲያ ዛሬ ደሴና ኮምቦልቻ ባሉ ትናንሽ ስቱዲዮዎች አምባሰል ሲቀረጽ፣ ድምፁ የማን ቤት ውስጥ ነው የሚያስተጋባው? ዘፋኙ ጠባብ ክፍል ውስጥ ያዜማል፤ ቀራጩ ከኮምፒውተሩ «ትልቅ አዳራሽ» ወይም «ካቴድራል» የሚለውን ይመርጥለታል። አዳራሹ ግን የእኛ አይደለም።

«ምን ችግር አለው?» የሚል አይጠፋም። በእኔ እምነት ሁለት ችግር አለው። አንደኛው ግጥሙን ይጎዳል። የወሎ ዘፈን ወርቁን የሚደብቀው አንድ ቃል ውስጥ ነው። ኢኮው በዝቶ የአንዱ ቃል ድምፅ በሚቀጥለው ላይ ከተጎተተ ኅብረ ቃሉ አይሰማም። ሰሚው ኢኮ ይወዳል ይባላል፤ ይውደድ፣ ግን ቃሉንም ይስማ እንጂ!

ሁለተኛው፣ የራሳችንን ቤቶች ድምፅ ሳንቀዳ መቅረታችን ነው። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ የራሱ ድምፅ አለው። እሱን መቅዳት ደግሞ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢስታንቡል በሚገኘው ሐጊያ ሶፊያ ውስጥ ፊኛ አስፈንድተው፣ ከአሥር ሰከንድ በላይ የሚቆየውን ማስተጋባት ቀረጹ። ካፔላ ሮማና የተባለው የአሜሪካ የመዘምራን ቡድን፣ ኢስታንቡል ሳይሄድ፣ በዚያ ድምፅ የተሠራ አልበም በ2019 አወጣ።

እኛስ? ፊኛ፣ ጥሩ ማይክራፎንና ፈቃድ ካለ መጀመር ይቻላል። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች እንቅረጽ፤ ኮምቦልቻ ያሉት የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ሶፍትዌሩን ይሥሩ። አዳራሹ ባዶ ሆኖም ሰው ሞልቶበትም ይቀረጽ፤ የሰው ገላና ልብስ ድምፅ ይውጣልና ውጤቱ አንድ አይደለም።

ከዚያ በፊት ግን የስቱዲዮው ክፍል ራሱ ይስተካከል። ከሲሚንቶ ግድግዳ ተመልሶ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር አብሮ የተቀረጸውን ኮምፒውተር በቀላሉ አይለየውም። ወፍራም ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ መስቀል ቀጭኑን ድምፅ ይቀንሳል፤ ጎርናናውን ግን እምብዛም።

ጦርነቱ ደሴ በገባበት በ2014 ዓ.ም. የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። የተዘረፈ ቅርስ ቢያንስ ፎቶግራፉ ሊተርፍ ይችላል። ያልተቀዳ የአዳራሽ ድምፅ ግን ሕንፃው ከፈረሰ የት ይገኛል? ስለዚህ ሁለቱ ከተሞች ያላችሁ ተማሪዎችና ቀራጮች፣ ቤቶቹ ቆመው ሳሉ እንነሳ።

ቸር ይግጠመን!