መቃኘትን የማያስተምር መምህር

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ከሃያ ሁለት ማዞሪያ እስከ ቦሌ መድኃኔ ዓለም፣ ከመገናኛም አልፎ እስከ ገርጂ ድረስ ክራር በግል የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ። ልጆቻችን የአባቶቻቸውን መሣሪያ እንዲይዙ ስለሚደክሙ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ጀማሪን የሚቀበሉበት አካሄድ የተበላሸ ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

አካሄዳቸው እንዲህ ነው። ተማሪው ከመድረሱ በፊት መምህሩ ክራሩን ቃኝቶ ይጠብቀዋል። ተማሪውም እንደ ተቀመጠ፣ «ይህ ጣት ይህን ጅማት፣ ያ ጣት ያን ጅማት» እየተባለ የአንድ ታዋቂ ዘፈን ዜማ በቁጥር ይነገረዋል። በወሩ መጨረሻ ዘፈኑን ይመታል፤ ወላጅ ይደሰታል፤ የሚቀጥለውም ወር ይከፈላል። ይህ ግን ማስመሰል እንጂ ማስተማር አይደለም።

እኔም በዚሁ መንገድ ተምሬአለሁ። ገርጂ ውስጥ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ሦስት ወር ተመላልሼ አራት ዘፈን አወቅሁ። ከዚያም በዘመድ ሠርግ ላይ ክራር ይዤ ስቀርብ አንዱ ጅማት ላላ። ባጠብቀው ከሌሎቹ ጋር አልስማማ አለ፤ ባላላው ባሰ። አንድ ሽማግሌ አጎቴ፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ክራር ነው የተማርከው ወይስ ጣት መቁጠር?» አሉኝ። ሰው ሳቀ፤ እኔም አንገቴን ደፋሁ።

እውነቱን ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን «ቅኝት» ብለን ስንጠራ፣ ቃሉ ከ«መቃኘት» የወጣ ነው። ክራር ብዙውን ጊዜ ስድስት ጅማት አለው፤ አምስቱ የየራሳቸው ድምፅ ሲኖራቸው፣ ስድስተኛው ከአምስቱ የአንዱን ድምፅ ይደግማል። ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሻገርም ጅማቶቹን እንደ ገና መቃኘት ያስፈልጋል። እንግዲህ መቃኘት የማያውቅ ሰው ቅኝት አያውቅም፤ ቅኝት የማያውቅም ዘፈን ሸመደደ እንጂ ክራር አልተማረም።

«ጀማሪ ይሰለቻል፤ ጆሮውም ገና ነው» ይሉኛል። ለአራት ዓመት ሕፃን መምህሩ ቢቃኝለት አልቃወምም። የደረሰ ሰው ግን ለምን? በሁለት ጅማት ይጀምር፤ ድምፁን በአፉ ያንጎራጉር፤ ከዚያ ጅማቱን ያጥብቅ፣ ያላላ፣ ይሳሳት። በየትምህርቱ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ጆሮ የሚበስለው በመስማት እንጂ በመጠበቅ አይደለም። «ለዚህማ ስልክ አለ» የሚሉም አይጠፉም። ስልክ አንዱ ጅማት ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን ይነግራል፤ ጅማቶቹ እርስ በርሳቸው መስማማታቸውን የሚፈርደው፣ ክራሩንም ለገዛ ድምፁ የሚያስማማው ግን ባለቤቱ ነው። ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁ ክራር እየመቱ ሲያዜሙ የሰማ ይህን ያውቃል።

ሌሎች ደግሞ ጀማሪን በስድብና በቁጣ ያስደነግጣሉ። እነዚህ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ቢያስቡ መልካም ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረው ይህ ሊቅ፣ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ በመምህሩ በጌዴዎን ተገርፎ እንደ ሸሸ ይነገራል። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ ለመውጣት እየሞከረ ደጋግሞ የሚወድቅ፣ በመጨረሻም የወጣ ትል አይቶ ተመለሰ። ያሬድን የመለሰው አለንጋ አይደለም። ትሉንም ማንም አንሥቶ ከዛፉ ላይ አላስቀመጠውም።

አሁን ደግሞ መራራውን ልናገር። መቃኘት የቻለ ተማሪ በራሱ ቤት፣ በራሱ ጆሮ መማር ይችላል። መቃኘቱን በእጁ የሚያስቀር መምህር ግን ተማሪውንም በእጁ ያስቀራል። ደቀ መዝሙሩ በገዛ እግሩ እንዳይቆም የሚያደርግ ሰው መምህር ሳይሆን ነጋዴ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ በመጀመሪያው ቀን መምህራችሁን በትሕትና፣ «መቃኘት የሚያስተምሩኝ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ዛሬ» ካሉ እጅ ነሥታችሁ ተቀመጡ። «እሱ ለኔ ይተው» ካሉ ግን አመስግናችሁ ውጡ። እናንተም አትቸኩሉ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።