ከመርከብ መውረድ

ለባለትዳሮች



የዛሬውን ርዕስ ያየ ሰው «ጎጃም ውስጥ ምን ባሕር አለና ነው?» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በመንገዱ ግራና ቀኝ የምናየው የበቆሎና የበርበሬ ማሳ ነው። ከትልቅ ውኃም የምናውቀው ጣናን ነው። ልጆቻችን ግን ዛሬ ውቅያኖስ ላይ ናቸው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኢትዮጵያ ማሪታይም አካዳሚ በመካኒካልና በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቁ ወጣቶችን እየተቀበለ፣ የመርከብ መሐንዲስና የመርከብ ኤሌክትሪሻን አድርጎ ሲያሰለጥን ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ብዙዎቹም በውጭ አገር ኩባንያዎች መርከብ ላይ ተቀጥረው ዓለምን ይዞራሉ። አገራችንም ብትሆን የራሷን ወደብ ካጣች በኋላ በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመውን የንግድ መርከብ ድርጅቷን አልዘጋችም።

ልጃችን ወይም ባላችን ወደ ባሕር ሲሄድ እንጸልያለን፤ ሲመለስ እልል እንላለን። ከመርከቡ ወርዶ ቤት ውስጥ መኖር የሚጀምርባቸውን ሳምንታት ግን ማንም አያስብባቸውም። ማዕበሉን ያለፈ ትዳር የሚፈተነው ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ነገር ነው፤ መውረድም የጉዞው ክፍል ነው፤ ዕቅድም ይፈልጋል።

ኖኅ በሩን ለመክፈት አልቸኮለም

በአማርኛችን የኖኅም መርከብ «መርከብ» ነው። ስለዚህ ኖኅን የመጀመሪያው የባሕር ተመላሽ ብንለው አንሳሳትም። ዘፍጥረት 7ና 8ን ቀኖቹን እየቆጠራችሁ አንብቡ። ኖኅ ከነቤተሰቡ መርከቡ ውስጥ አንድ ዓመት ከአሥር ቀን ቆየ። በመጀመሪያው ወር በመጀመሪያው ቀን ክዳኑን አንስቶ ሲያይ የምድሩ ፊት ደርቋል። እኛ ብንሆን ያን ዕለት በሩን ገንጥለን በወጣን ነበር! እርሱ ግን እግዚአብሔር «ውጣ» እስኪለው ድረስ፣ እስከ ሁለተኛው ወር 27ኛ ቀን፣ ማለት ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው ድረስ ቆየ። መሬቱ የደረቀ መምሰሉና ለመኖሪያ መብቃቱ አንድ አይደሉም።

ታሪኩ ግን እዚህ አያልቅም። ምዕራፍ 9 ላይ ኖኅ ወይን ተከለ፤ ጠጣ፤ ሰከረ፤ በድንኳኑም ውስጥ ዕርቃኑን ሆነ። የጥፋት ውኃ ያላሸነፈውን ሰው ደረቅ መሬት ላይ ያለ ወይን ጣለው። ወንድሜ፣ በውቅያኖስ ላይ የጠበቀህ ጌታ የብስም ላይ እንዲጠብቅህ ትፈልጋለህ። ባሕሩን ስትፈራ የነበረውን ያህል ዕረፍቱንም ፍራው።

እርሱ ከየት ነው የመጣው?

እህቴ፣ ባልሽ የወረደው ከሽርሽር አይደለም። የመርከብ መሐንዲስ ኮንትራት ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ዘጠኝ ወር ነው። በብዙ መርከቦች ሥራው በፈረቃ ነው፤ አራት ሰዓት ተረኛ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት፣ ቅዳሜና እሑድ ሳይባል። የሞተሩ ክፍል ሙቀት 40 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ አለ፤ ድምፁም ጆሮ ሳይሸፍኑ አይቻልም። መርከቡ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ በተጓዘ ቁጥር ሰዓት ይቀየራል። ሌሊት የአደጋ ደወል ቢጮህ ከአልጋው ዘሎ ይወርዳል። ልቅሶ አይደርስ፣ ሠርግ አይበላ፣ ልጁ ሲታመም አይዳስስ።

ላይ ላዩን ደግሞ ዓለም የሚያመጣው አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ምክንያት ወደቦች ሲዘጉ 400,000 ያህል የባሕር ሠራተኞች ኮንትራታቸው አልቆ መውረድ ሳይችሉ መርከብ ላይ ቀርተው ነበር። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በቀይ ባሕር ላይ መርከቦች ሲጠቁ፣ ብዙ ኩባንያዎች መርከቦቻቸውን በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ዞረው እንዲሄዱ አደረጉ፤ ይህም በአንድ ጉዞ ላይ አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ይጨምራል። ቤት ያለ ሰው «ዘገየ» ብሎ የሚያልፈው፣ እዚያ ላለው ሌላ አሥር ሌሊት ነው።

ከረጅም ጉዞ የወረደ ሰው እግሩ መሬት ረግጦ ሳለ ሰውነቱ ገና እንደሚወዛወዝ ያውቃል። አልጋ ላይ ሲተኛ አልጋው ይንሳፈፍበታል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይተዋል፤ ሳምንታት ከቆየ ሐኪም ማየት ነው። የልብ መወዛወዝ ግን ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

እርስዋስ የት ነበረች?

አንተም ወንድሜ ስማ። ሚስትህ እጇን አጣጥፋ አልጠበቀችህም። መሬቱን ለእኩል ሰጥታ፣ ማዳበሪያ አፈላልጋ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ከፍላ፣ ዕድር ደርሳ፣ እናትህን አሳክማ ነው የቆየችው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት፣ ድምፅህን ሳትሰማ ስንት ሌሊት እንዳደረች እርስዋና ጌታ ናቸው የሚያውቁት። ብቻዋን መወሰንን ተምራለች። የተማረችው ወድዳ አይደለም፤ ቤትህ እንዳይፈርስ ብላ ነው።

እኔና ባለቤቴ አብረናቸው የተቀመጥን አንድ ባልና ሚስት ነበሩ፤ እንዳይታወቁ ጥቂት ነገር ለውጬ ልንገራችሁ። እርሱ ከዘጠኝ ወር በኋላ መጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ሚስቱ የተስማማችውን ገበሬ አሰናብቶ ለአጎቱ ልጅ መሬቱን ሰጠ። በሁለተኛው ሳምንት የእርስዋን ላም ሸጦ «የተሻለች እገዛልሻለሁ» አላት። ለቤቱ ያሰበው መልካም ነበር። እርስዋ ምንም አልተናገረችም፤ ግን ዝም ማለቷ እየረዘመ ሄደ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እርሱ ተረኛ ይመስል ይነሣል፤ እርስዋ ደግሞ ነቅታ እንዳልነቃች ትተኛለች። አንድ ቀን የሦስት ዓመት ልጃቸው እናቱን ቀሚሷን ይዞ «ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄደው?» ብሎ ጠየቀ። አባት ሰማ። ወደ እኛ የመጡት በማግስቱ ነው።

ሁለቱም አልበደሉም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ችግሩ ፍቅር ማጣት አልነበረም። ሁለቱም አንድን ቤት በአንድ ቀን ሊመሩት ሞከሩ፤ ርክክብ ግን አልነበረም።

ርክክብ

መርከብ ላይ እንዲህ አይደረግም። አዲስ መሐንዲስ ሲመጣ የሚወርደው መሐንዲስ የሥራውን ሁኔታ በጽሑፍ ያስረክበዋል፤ የትኛው ፓምፕ እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ጄኔሬተር በቅርቡ እንደታደሰ፣ ምን መለዋወጫ እንደታዘዘ። ጊዜ ካለም የሞተር ክፍሉን አብረው እየዞሩ ያያሉ። በዚያች ሰዓት አዲሱ ሰው ቫልቭ አይነካም፤ ይጠይቃል፤ ያዳምጣል፤ ይጽፋል። ይህን ጥበብ በባዕድ ሰው መርከብ ላይ የምታከብር ወንድም፣ በገዛ ቤትህ ለምን ትንቀዋለህ?

እንግዲህ እነዚህን አምስት ነገሮች አብራችሁ አድርጉ።

1. ከመውረድህ አንድ ወር በፊት መነጋገር ጀምሩ። «ምን ላምጣልሽ?» ከማለት በፊት «ቤቱ አሁን እንዴት ነው የሚሄደው?» በል። የት እንደምታርፉ፣ ዘመድ መቼ እንደሚጠራ፣ ስንት ቀን ለራሳችሁ ብቻ እንደምታስቀሩ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

2. የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አትሽጡ፣ አትግዙ፣ አታሰናብቱ። እንቅልፍ ተኛ። ከልጆችህ ጋር ሁን፤ ሕፃኑ እስኪቀርብህ ጠብቅ እንጂ አታስገድደው። እርስዋ ቤቱን ታዙርህ፤ ብድሩን፣ እህሉን፣ የልጆቹን ውጤት፣ ከጎረቤት ጋር ያለውን ነገር ታስረዳህ። እህቴ፣ አንቺም ሳትደብቂ ንገሪው። የከበደሽንም ያኮራሽንም።

3. ገንዘቡን ለዓመት አካፍሉት። ብዙ የመርከብ ሠራተኞች የሚከፈላቸው መርከብ ላይ ላሉበት ወር ብቻ ነው። ዘጠኝ ወር ሠርቶ ሦስት ወር ቤት የሚቀመጥ ሰው ከእያንዳንዱ አራት ብር አንዱን ለዕረፍቱ ወራት ማስቀመጥ አለበት። ይህን ያላሰበ ሰው የመጀመሪያውን ወር እንደ ባለጸጋ፣ ሦስተኛውን እንደ ተበዳሪ ይኖራል። በስልክ ለዘመድ ቃል አትግባ፤ «ከባለቤቴ ጋር እንነጋገርበታለን» ማለት ተማር። ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ሠራተኛው ከደመወዙ የተወሰነው በቀጥታ ለቤተሰቡ እንዲላክ የማድረግ መብት ይሰጠዋል፤ ተጠቀሙበት። የመመለሻውንም ወጪ በመደበኛው የሚችለው አሠሪው መሆኑን እወቁ።

4. ኃላፊነቱን በሙሉ አትንጠቅ፤ ተካፈል። ከርክክቡ በኋላ «ከዚህ ውስጥ የትኛውን ልያዝልሽ?» ብለህ ጠይቅ። ተመልሰህ ስትሄድ ሸክሙ መልሶ በእርስዋ ላይ እንደሚወድቅ አትርሳ። ከመሄድህ በፊት ደግሞ በተራህ አንተ አስረክባት።

5. ባሕሩን ለዘለቄታው የምትተውበትን ጊዜ ዛሬ ተነጋገሩበት። «አንድ ኮንትራት ብቻ» እየተባለ ልጆች ያድጋሉ። በሌላ በኩል ደግሞ በስሜት ተነሥቶ መተው አለ። የመርከብ መኮንን የብቃት ምስክር ወረቀት በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፤ ለማደስም በመደበኛው በአምስቱ ዓመታት ውስጥ 12 ወር የባሕር አገልግሎት ይጠይቃል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ዓመት የብስ ላይ ለመሞከር የሚያስብ ሰው ቀኑን ቆጥሮ ይሞክር። የሚመለስበትን በር ሳያውቅ አይዝጋው።

የብስ ላይስ ምን ይሠራል? ሁሉም ሰው ሚኒባስ ይገዛል፤ ወይም ቤት መሥራት ይጀምርና ሳይጨርስ ብሩ ያልቃል። ወንድሜ፣ አንተ የናፍጣ ሞተር፣ ጄኔሬተር፣ ፓምፕ፣ የእንፋሎት ማሞቂያ፣ ማቀዝቀዣ የምታውቅ ሰው ነህ። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የተመረቀውን የመሰለ የምግብ ዘይት ፋብሪካ የሚንቀሳቀሰው በእንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ነው። የወፍጮ ቤትም ሆነ የመስኖ ፓምፕ ጠጋኝ ይፈልጋል። ማስተማርም አለ። ከማታውቀው ንግድ ይልቅ ከምታውቀው ሙያ ጀምር፤ መጠኑም ትንሽ ይሁን። አባቶቻችን እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ያሉት ለዚህ ነው።

ለምእመናን

ይህ ምክር ለመርከብ ሰው ብቻ አይደለም። ከዓረብ አገር ለተመለሰች እህት፣ በጅቡቲ መንገድ ለሚመላለስ ሹፌር፣ ከቤቱ ርቆ ለሚሠራ ሁሉ ነው። እኛስ እንዴት እንቀበላቸዋለን? ገና በመጀመሪያው እሑድ መድረክ ላይ አውጥተን ምስክርነት እናስነግራለን፤ በሁለተኛው የሕንፃ መዋጮ እንጠይቃለን። እስቲ ጥቂት ይረፉ! ጎናቸው ተቀምጠን «ደኅና ከረማችሁ?» እንበላቸው፤ ሚስቲቱንም «አንቺስ?» ብለን እንጠይቃት።

ሐዋርያት ሥራ 27ና 28 ላይ 276 ሰዎች መርከባቸው ተሰብሮ፣ በዝናብና በብርድ መላጥያ በምትባል ደሴት ወጡ። የደሴቲቱ ሰዎች ማን እንደሆኑ ሳይጠይቁ እሳት አነደዱላቸው። ጳውሎስ ደግሞ ምን አደረገ? ያ በባሕር ላይ ሁሉን ያጽናና የነበረ ሰው የራሱን ሌላ እሳት አላነደደም፤ ጭራሮ ሰብስቦ ሌሎች ባነደዱት እሳት ላይ ጨመረ። ከዚያው ከጭራሮው እባብ ወጥቶ እጁን ያዘው፤ እርሱ ግን ወደ እሳቱ አራገፈው። ከባሕር ተርፎ የብስ ላይ ፈተና መግጠሙ እንግዳ ነገር አይደለም።

ወንድሜ፣ ቤትህ ስትገባ እሳቱ ነድዶ ታገኘዋለህ፤ ያነደደችው ሚስትህ ናት። አታጥፋው፤ እንጨት ጨምርበት።

አብራችሁ ተወያዩ

• አንዳችን በሌለንበት ጊዜ ሌላው ብቻውን የወሰናቸው ሦስት ነገሮች ምንድን ናቸው? አመስግነናል?
• ከሚመጣው ገንዘብ ምን ያህሉን ለዕረፍት ወራት እናስቀምጣለን?
• ከአምስት ዓመት በኋላ ቤታችን በምን ሥራ እንዲተዳደር እንፈልጋለን?

ከሩቅ የሚመጡትን በሰላም ያግባልን፤ የገቡትንም ከቤታቸው ጋር ያስማማልን። አሜን።