«ለድሃው አዝነን ነው» የሚሉ ዘራፊዎች

የአማርኛ ፊልም የሚለቁ የቴሌግራም ቻናሎች ሲወቀሱ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ሕዝቡ ድሃ ነው፣ ሲኒማ ቤትም በቅርቡ የለም፤ እኛ እያገለገልነው ነው»።

ውኃ የማያነሳ ምክንያት ነው። ብዙ ፊልሞች ከሲኒማ ቤት ከወረዱ በኋላ በባለቤቶቻቸው ዩቲዩብ ላይ በነፃ ይለቀቃሉ። ተመልካቹ አይከፍልም፤ ለፕሮዲዩሰሩ የምትደርሰው የማስታወቂያዋ ገንዘብ ብቻ ናት። ይህንኑ ነፃ ፊልም አውርዶ፣ የባለቤቱን አርማ በራሱ አርማ ሸፍኖ የሚለጥፍ ሰው ለየትኛው ድሃ አዝኖ ነው? የተለወጠው ገንዘቡ የሚገባበት ኪስ ነው። ፊልሙ ተከታይ ያመጣል፣ ተከታዩ ደግሞ ለማስታወቂያ ይሸጣል። የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ ይሏል ይሄ ነው።

ሕጉስ? አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ ሆን ብሎ የቅጂ መብት የጣሰን ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ደንግጎ ነበር። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለ። ነገር ግን ስሙና አድራሻው የማይታወቅ፣ ዛሬ ቢዘጋ ነገ በሌላ ስም የሚከፈት ቻናል ቅጣት በመከመር አይፈራም።

ዘራፊው አንድ ነገር ግን በደንብ ገብቶታል፤ የዳታ ዋጋ። ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል። አንዴ የወረደ ፊልም በፍላሽ ሰፈሩን ያዳርሳል። ፊልም ሠሪዎቹ በበኩላቸው የቪሲዲው ገበያ ሲሞት በቦታው ለደሴና ለጅማ ተመልካች የሚወርድና የሚቀመጥ ነገር አላዘጋጁለትም። ገበያውን ባዶ ትተው ሌባ ገባበት ብሎ ማልቀስ ብቻውን አያዋጣም።

ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ፊልሙን በአንድ ማኪያቶ ዋጋ፣ ስልክ ላይ በሚወርድ አነስተኛ ፋይል መሸጥ ይቻላል። ያም ሆኖ የሚሰርቅ ይኖራል፤ «የት ልግዛ?» የሚለው ሰበብ ግን ያበቃለታል።

እስከዚያው ተመልካቹም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ባለቤቱ በነፃ የለቀቀውን ፊልም ከሌባ ቻናል የሚያይ ሰው ያተረፈው ሳንቲም የለም፤ የመብራት ሠራተኛውንና የሜካፕ ባለሙያዋን የሚቀጥለውን ሥራ ግን ነጥቋል። የሚከፈላቸው ቀጣይ ፊልም ሲኖር ነውና።